በአልካሊ የሚነሣ የስላግ ማያያዣና የማዕድን ጭማሪዎቹ፤ ለእርሻ ግንባታ ያላቸው ጥቅምና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

የሲሚንቶ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከልማት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልናል። ይኸውም «ያለ ሲሚንቶ የሚሠራ ኮንክሪት አለ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? ለእኛስ ይሆናል?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አዎን ነው። ለሁለተኛው ግን መልሱ እንደ ቦታውና እንደ ጥሬ ዕቃው ስለሚለያይ በአንድ ቃል ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአልካሊ የሚነሣ የስላግ ማያያዣ ምን እንደሆነ፣ የማዕድን ጭማሪዎች በውስጡ ምን ሥራ እንደሚሠሩ፣ ከዚህም ውስጥ ለአንድ ገጠር ማኅበር የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ማስረዳት ነው። ማኅበሩ ገንዘብ ከማውጣቱና ሰው ከመጉዳቱ በፊት ማወቅ ያለበትን በተቻለ መጠን ዘርዝረን እናቀርባለን።

ስላግ ምንድን ነው?

የብረት ማዕድን በትልቅ እቶን ውስጥ ከኮክ ከሰልና ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲቀልጥ ብረቱ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል። በማዕድኑ ውስጥ የነበረው አፈርና ድንጋይ ደግሞ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ እንደ ቀለጠ ብርጭቆ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህ ተንሳፋፊ ስላግ ይባላል። ለአንድ ቶን ጥሬ ብረት በአማካይ ከ250 እስከ 300 ኪ.ግ. ያህል ስላግ ይወጣል፤ ማዕድኑ ደካማ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል። በውስጡ የሚገኙት ዋና ዋና ነገሮች የካልሲየም፣ የሲሊካ፣ የአሉሚናና የማግኒዥየም ኦክሳይዶች ናቸው። እነዚህ በሲሚንቶም ውስጥ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ መጠናቸው ግን ይለያያል። በስላግ ካልሲየሙ አነስ፣ ሲሊካውና አሉሚናው በዛ ይላል።

ስላግ ለማያያዣነት የሚያገለግለው ግን በፍጥነት የቀዘቀዘ እንደሆነ ብቻ ነው። 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የጋለው ቅላጭ ብዙ ውሃ በኃይል ሲረጭበት ተበታትኖ አሸዋ መሰል ብርጭቆ ይሆናል። በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ሜዳ ላይ የፈሰሰው ደግሞ እንደ ተራ ድንጋይ ይረጋል፤ ለመንገድ ጠጠርነት ይጠቅማል እንጂ ተፈጭቶም ቢሆን እንደ ማያያዣ አይሠራም። ሁለቱ ከአንድ እቶን የወጡ፣ በምርመራም አንድ ዓይነት ይዘት ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነታቸው አቀዛቀዛቸው ነው። ስለዚህ «ይህ ዱቄት ስላግ ነው» ተብሎ ለሽያጭ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ይዟል?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት ቀዘቀዘ?» የሚል መሆን አለበት።

በፍጥነት የቀዘቀዘው ስላግ ከደረቀ በኋላ እንደ ሲሚንቶ ልሞ መፈጨት አለበት። ልቀቱ የሚለካው በአንድ ኪሎ ዱቄት ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ በሚሸፍነው ስፋት ሲሆን ለዚህ ሥራ 400 ካሬ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ዱቄት 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ አውድማ ያህል ገጽ አለው ማለት ነው። የእህል ወፍጮ ይህን ሊያደርስ አይችልም፤ ድንጋዩንም ያበላሻል።

አልካሊ ምን ይሠራል?

የተፈጨ ስላግ በንጹሕ ውሃ ቢለወስ ቀናት አልፈውም ጭቃ ሆኖ ይቆያል። ውሃው የቅንጣቱን ገጽ ጥቂት ነካ አድርጎ ይተወዋል፤ በላዩም ስስ ሽፋን ይፈጠርና ሥራው ይቆማል። ይህን ሽፋን ሰብሮ ብርጭቆውን የሚያሟሟ ብርቱ ነገር ያስፈልጋል። ይህ ነገር አልካሊ ነው። በየቤቱ የሚታወቀው የአመድ ውሃ ደካማ አልካሊ ነው፤ እጅን የሚያሙለጨልጨውና የሚያሳርረውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሳሙና የሚሠሩ የሴቶች ማኅበራት የሚጠቀሙበት ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ የአልካሊ ብርቱው ነው።

አልካሊው በውሃው ውስጥ ሲገባ ከስላጉ ብርጭቆ ውስጥ ካልሲየሙን፣ ሲሊካውንና አሉሚናውን ፈልቅቆ ያወጣል። እነዚህም በውሃው ውስጥ እንደገና ይገናኙና ጄል የሚባል ወፍራም ሙጫ መሰል ነገር ይሆናሉ። ጄሉ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ይደርቃል፤ አሸዋውንና ጠጠሩንም ያያይዛል። እዚህ ላይ ከሲሚንቶ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሲሚንቶ ሲጠነክር ከጄሉ ጎን ነፃ ኖራ ይተርፈዋል፤ ይህም ነፃ ኖራ አሲድ ሲያገኘው በቀላሉ ይሟሟል። በስላግ ማያያዣ ውስጥ ግን ነፃ ኖራ የለም ማለት ይቻላል። የሳይሌጅ ጉድጓድ ለሚሠራ ማኅበር ይህ ነጥብ ቀላል አይደለምና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሥራ ላይ የዋሉት አልካሊዎች በዋናነት ሦስት ናቸው። ኮስቲክ ሶዳ ብርቱና ፈጣን ነው። ሶዲየም ሲሊኬት፣ የውሃ መስታወት የሚባለው፣ ከፍተኛውን ጥንካሬ ይሰጣል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ግንበኛው ማንኪያውን ሳያነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ሶዳ አሽ፣ ማለት ሶዲየም ካርቦኔት፣ ርካሽና ለአያያዝ የተሻለ ነው። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው፤ በብርድ ጊዜ ለመርጋት ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድበት ይችላል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በሶዲየም ኦክሳይድ ሲሆን ከስላጉ ክብደት ከ3 እስከ 8 በመቶ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል 5 በመቶ ቢፈለግ ለ100 ኪ.ግ. ስላግ 8.5 ኪ.ግ. ሶዳ አሽ ወይም 6.5 ኪ.ግ. ኮስቲክ ሶዳ ይገባል። ሲበዛ ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። የተረፈው አልካሊ ከግድግዳው ላይ እንደ ነጭ ሻጋታ ሆኖ ይወጣል፤ ኮንክሪቱም ይሰነጣጠቃል።

ሥራው ከየት ተነሣ?

በውሃ የቀዘቀዘ ስላግ የማያያዝ ኃይል እንዳለው በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1862 ኤሚል ላንገን አስታወቀ። አልካሊን ከስላግ ጋር ማገናኘት ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ፑርዶን የተባለ የቤልጂክ ተመራማሪ አልካሊ በስላግ ላይ የሚሠራውን ሥራ በዝርዝር ጽፎ አወጣ፤ በ1950ዎቹም በብራስልስ ከተማ በዚሁ ዘዴ ሕንጻዎች ተሠሩ።

ነገሩን ወደ ሰፊ ሥራ የለወጠው ግን የዩክሬኑ ተመራማሪ ቪክቶር ግሉኮቭስኪ ነው። በጊዜው በሶቪየት ኅብረት ሲሚንቶ ለግንባታው አልበቃ ብሎ ሳለ በብረት ፋብሪካዎች ደጃፍ የስላግ ተራራ ተከምሮ ነበር። ግሉኮቭስኪ የጥንት ሮማውያንና ግብፃውያን ግንቦችን ማያያዣ ከመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በኪየቭ ስላግን፣ ሸክላ አፈርንና አልካሊን አዋሕዶ የሠራውን ነገር «የአፈር ሲሊኬት» ብሎ ሰየመው። በ1959 ስለዚሁ መጽሐፍ አወጣ። ከእርሱም በኋላ ፓቬል ክሪቬንኮ የሚባሉት ተመራማሪ ሥራውን ቀጠሉ።

እኛን በይበልጥ የሚመለከተን ይህ ማያያዣ በእርሻና በውሃ ሥራ ላይ የዋለበት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በኦዴሳ ከተማ የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ተሠራበት። በ1972 ደግሞ በዛፖሮዥዬ ክፍለ ሀገር በኦርሊያንካ መንደር የሳይሌጅ ጉድጓዶች ተሠሩበት። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሩሲያ በሊፔትስክ ከተማ ከ20 ፎቅ በላይ ከፍታ ያለው መኖሪያ ቤት እስከ መሥራት ተደረሰ። ከነዚህ ሁሉ ለሊፔትስኩ ፎቅ ብዙ ይወራለታል፤ በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ ምስክር የኦርሊያንካው ጉድጓድ ነው። ፎቅ ከዝናብና ከነፋስ ጋር ነው የሚታገለው። የሳይሌጅ ጉድጓድ ግን በየዓመቱ በአሲድ ይታጠባል፤ በትራክተርም ይረገጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። እነዚህ ሥራዎች በብዛት የተሠሩት በፋብሪካ ውስጥ፣ ሠልጥነው በወጡ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜም በእንፋሎት እየተቀቀሉ ነው። ስላጉ የሚመጣው ከአንድ ከታወቀ እቶን ስለሆነ ይዘቱ ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም ነበር። ይህ ሁኔታ በሌለበት ቦታ ቅይጡን ብቻ ገልብጦ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይቻልም።

የማዕድን ጭማሪዎች ለምን ያስፈልጋሉ?

ስላግና አልካሊ ብቻቸውን ሲሆኑ ጠባያቸው አስቸጋሪ ነው። ወይ በጣም ይፈጥናሉ፣ ወይ በጣም ይዘገያሉ፤ ሲደርቁ ይኮማተራሉ፤ ነጭ ጨውም ያወጣሉ። የማዕድን ጭማሪ የሚገባው እነዚህን ጠባዮች ለማረቅና ስላጉንም ለመቆጠብ ነው። ጭማሪዎቹ በሥራቸው አንድ ዓይነት አይደሉም።

አንደኛው ወገን ራሱ በሥራው የሚካፈል ነው። ከነዚህም ዋናው የተቃጠለ ካኦሊን፣ ሜታካኦሊን የሚባለው ነው። ካኦሊን ነጭ የሸክላ አፈር ሲሆን ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃጠል በውስጡ የተያዘው ውሃ ይወጣና አሉሚናውና ሲሊካው ለአልካሊ የተጋለጡ ይሆናሉ። በስላጉ ላይ በጥቂት በመቶ ሲጨመር የተረፈውን ሶዲየም በጄሉ ውስጥ ያስራል። ግድግዳው ላይ የሚወጣው ነጭ ጨው የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀቱ ካነሰ አፈሩ ጥሬ ይሆናል፤ ከ900 ዲግሪ በላይ ከሄደ ደግሞ ይሞታል፤ ማለትም እንደገና ወደማይሠራ ድንጋይነት ይለወጣል። ተራ ሸክላ ሠሪ እሳቱን በዓይን እየገመተ ማሰሮ ሊያወጣ ይችላል፤ ሜታካኦሊን ግን በግምት አይወጣም።

ከዚሁ ወገን የከሰል ኃይል ማመንጫዎች አመድና የእሳተ ገሞራ አመድ ይገኛሉ። የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ከምድር ውስጥ ቀልጠው ወጥተው በአየር ላይ በፍጥነት የቀዘቀዙ ብርጭቆዎች ናቸው። ስላግን የሚመስሉትም በዚህ ነው፤ አንዱን ሰው በውሃ አቀዘቀዘው፣ ሌላውን ተፈጥሮ በነፋስ። ልዩነታቸው በፑሚስ ውስጥ ካልሲየሙ በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። ስለዚህ ፑሚስ ብቻውን በአልካሊ ቢለወስ በተራ አየር ሙቀት በዝግታ ነው የሚጠነክረው፤ ጥሩ ውጤት ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ድረስ መሞቅ ይፈልጋል። ከስላግ ጋር በመጠኑ ሲቀላቀል ግን ፍጥነቱን ያረግባል፣ ወጪውንም ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ጥንካሬ እንደሚቀንስ ግን መታወቅ አለበት። ቅርጹ ቶሎ እንዲፈታ ለሚፈለግ ሥራ አይመችም።

ሁለተኛው ወገን ሟሟቶ ሳይሆን ክፍተት ሞልቶ የሚያገለግል ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እዚህ ይመደባል። ከስላጉ ጥቂት በመቶ ቢተካ ቅይጡን ያለሰልሳል፣ ጥንካሬውንም ብዙ አይጎዳም። ጥሬ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና የተቃጠለ ኖራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለግምጃ ቤት ሠራተኞች በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ነጭ ዱቄት ስለሆኑ ጆንያው ላይ ካልተጻፈ መለየት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ወገን በጥቂቱ ገብቶ የሚያስነሣ ነው። የተቃጠለ ኖራ ወይም ሲሚንቶ በትንሹ ሲጨመር በሶዳ አሽ የተለወሰ ስላግ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሁሉ ቶሎ ይረጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኖራው ከሶዳ አሹ ጋር ሲገናኝ ካርቦኔቱን ወስዶ ኮስቲክ ሶዳ ይለቃል። 106 ኪ.ግ. ሶዳ አሽ ከ74 ኪ.ግ. የጠፋ ኖራ ጋር ሙሉ በሙሉ ሲሠራ 80 ኪ.ግ. ኮስቲክ ሶዳ ይወጣዋል። ከዚህ የምንረዳው የሥራውን ፍጥነት ብቻ አይደለም። «ሶዳ አሽ እኮ ገር ነው፣ ልብስም ይታጠብበታል» ብሎ በባዶ እጁ የሚያቦካ ሠራተኛ ኖራው በገባበት ቅጽበት እጁን ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ነክሯል ማለት ነው።

ስለ አደጋው

ይህ ክፍል ለማኅበሩ አባላት በሙሉ፣ በተለይም ማንበብ ለማይችሉት፣ በቃል ሊነገር ይገባል።

ኮስቲክ ሶዳ ሥጋን ይበላል። ሲነካ ወዲያው አያቃጥል ይሆናል፤ ያልታወቀ ሆኖ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ዓይን ውስጥ የገባ ጠብታ ካልታጠበ ዓይን ያጠፋል። ስለሆነም የጎማ ጓንት፣ ቦት ጫማና ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር የሌለው ሰው ወደ ቅይጡ አይቅረብ። በሚሟሟበት ጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል እንጂ ውሃ በሶዳው ላይ አይፈስም። ከተገላበጠ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የሚሟሟበት ዕቃ የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን፤ የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ አልካሊው አሉሚኒየሙን ሲበላ በእሳት የሚነድ ጋዝ ይለቃል።

አደጋ ከደረሰ የነካውን ልብስ ቶሎ አውልቆ ገላውን ወይም ዓይኑን በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ማፍሰስ፣ ቅቤ መቀባት፣ የጥርስ ሳሙና መለጠፍ ክልክል ነው። ውሃው አስቀድሞ በበርሜል ተሞልቶ ከሥራው ቦታ አጠገብ መቆም አለበት። ውሃ በሩቅ በሚቀዳበት መንደር ይህ ብቻውን ሥራውን ለመተው በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የባልዲው እጣቢም ከብት በሚጠጣበት ገንዳ ወይም ጅረት አይደፋ።

በአገራችን ሁኔታው እንዴት ነው?

በግልጽ ለመናገር፣ በኢትዮጵያ የብረት ማዕድን አቅልጦ ጥሬ ብረት የሚያወጣ ትልቅ እቶን የለም። የብረታ ብረት ፋብሪካዎቻችን የሚያቀልጡት በአብዛኛው ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ። ከዚህም ስላግ መሰል ቅሪት ይወጣል፤ ነገር ግን ብዙ የብረት ኦክሳይድ ያለበትና በዝግታ የቀዘቀዘ ስለሚሆን እስካሁን ስንገልጸው ከቆየነው ስላግ ጋር አንድ አይደለም። ስሙ አንድ መሆኑ ሊያታልል አይገባም። ማንኛውም ነጋዴ ይህን ቅሪት አስፈጭቶ «የሲሚንቶ ምትክ» ብሎ ቢያቀርብ ማኅበሩ የላቦራቶሪ ውጤት ሳያይ ገንዘብ እንዳይከፍል የልማት ሠራተኛው ማስጠንቀቅ አለበት።

ከውጭ ማምጣቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በዓለም ላይ በዓመት ከ300 ሚሊዮን ቶን በላይ የብረት እቶን ስላግ ይወጣል፤ ጥሩው ግን አስቀድሞ በሲሚንቶ ፋብሪካዎች የተያዘ ነው። ሥራው በተወለደበት በዩክሬን እንኳ ትልቁ የአዞቭስታል ብረት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በጦርነት ወድሟል።

ሌላውን ጥሬ ዕቃ ስናይ ደግሞ መልኩ ይለወጣል። በስምጥ ሸለቆ ፑሚስና የእሳተ ገሞራ አመድ እጅግ ብዙ ነው፤ በተለምዶ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ስኮሪያም በየመንገዱ ዳር ይቆፈራል። ካኦሊን በጉጂ በቦምቦውሃ ይወጣል። ሶዳ አሽ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት ቆይቷል። ይሁን እንጂ ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት ክፉኛ ስለሸሸ ከዚያ በሚወጣ ሶዳ ላይ የተመሠረተ አዲስ የግንባታ ዕቅድ ማውጣት ተገቢ ነው ብለን አናምንም። ለከብት የሚላሰው ቦሌም አልካሊነት ስላለው ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አይሆንም። ከጨውና ከአፈር ጋር የተደባለቀ ስለሆነ መጠኑን ማወቅ አይቻልም፤ ጨው ደግሞ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝጋል።

እንግዲህ ለማኅበር የሚበጀው ከስላግ ትምህርት ፍሬ ነገሩን ወስዶ በእጅ ባለው ነገር መሥራት ነው። ፍሬ ነገሩም በፍጥነት የቀዘቀዘ ብርጭቆ በአልካሊ ይነሣል የሚለው ነው። ኖራም አልካሊ ነው። ፑሚስና ኖራ ሲገናኙ፣ ከስላግና ከኮስቲክ ሶዳ በዝግታ ቢሆንም፣ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ሮማውያን በውሃ ውስጥ ሳይቀር የገነቡት በዚህ ነው። በገበያ ፒ.ፒ.ሲ. እየተባለ የሚሸጠው ሲሚንቶም ፑሚስን የመሰለ የማዕድን ጭማሪ ተፈጭቶ የገባበት ነው። ብዙ ግንበኞች ፒ.ፒ.ሲ.ን እንደ ደካማ ሲሚንቶ ይንቁታል። በመጀመሪያው ሳምንት መዘግየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጭማሪው ነፃውን ኖራ ስለሚይዝለት ለሳይሌጅ ወለል፣ ለእበት ጉድጓድና ለመስኖ ቦይ ከተራው ይመረጣል። በቂ ጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየቱ ብቻ አይጓደልበት።

ኖራና ፑሚስ ለማኅበር ሥራ

ይህ ቅይጥ ለድንጋይ ግንብ ማያያዣ፣ ለጎተራ መሠረት፣ ለልስንና ቀላል ጭነት ለሚያርፍበት ወለል ያገለግላል። ብረት ለሚገባበት ምሰሶና ጣሪያ ግን አይውልም።

በመጀመሪያ ኖራው ይፈተን። ኖራ በጆንያ ብዙ ሲቆይ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ወደ ተራ ድንጋይ ዱቄት ይመለሳል። በማንኪያ ኖራ ላይ የሎሚ ውሃ ጠብ ሲደረግ ብዙ አረፋ እየተንሳጨ ከወጣ ኖራው ሞቷል። ጥሩ የጠፋ ኖራ አረፋው ጥቂት ነው። ፑሚሱ ደግሞ ነጣ ወይም ገረጣ ያለ፣ አፈር ያልገባበት ይሁን። ጥቂቱን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ቢያስቀምጡት ውሃው ለረጅም ጊዜ ድፍርስ ሆኖ ከቆየ ሸክላ አፈር አለበት። ከዚያ ደርቆ ይወቀጣል፤ በዱቄት ወንፊት ይነፋል። ወንፊት ያላለፈው እንደ አሸዋ ይቆጠራል እንጂ እንደ ማያያዣ አይቆጠርም። በሚወቀጥበትና በሚነፋበት ጊዜ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል።

መነሻው ቅይጥ በስፍር 1 እጅ ኖራ፣ 2 እጅ የተነፋ ፑሚስ፣ ከ6 እስከ 9 እጅ ንጹሕ አሸዋ ነው። ኖራውና ፑሚሱ አስቀድመው በደረቅ በደንብ ይቀላቀሉ። ውሃው ግንበኛው እንደለመደው ሳይሆን ሥራው በሚፈልገው ልክ ብቻ ይሁን። ሥራው ካለቀ በኋላ በእርጥብ ኬሻ ወይም ሣር ተሸፍኖ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቀን ውሃ ያጠጣው ዘበኛ በአራተኛው ቀን ገበያ ይሄዳል፤ ፀሐዩ የላዩን ያደርቀዋል፤ ከወር በኋላም በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይበናል።

ወደ ሳይሌጅ ጉድጓድ ስንመለስ፣ ገፈራው ሲብላላ የሚወጣው ፈሳሽ ላክቲክና አሴቲክ አሲድ ያለበት ስለሆነ ተራ ኮንክሪትን በየዓመቱ እየበላ ጠጠሩን ያወጣዋል። ስላግ ማያያዣ በኦርሊያንካ የተመረጠበትን ምክንያት ያለ ስላግ ለማግኘት ሁለት ነገር ይደረግ። አንደኛ፣ ወለሉ በፒ.ፒ.ሲ. ተሠርቶ፣ ውሃው ተቆጥቦ፣ ፈሳሹ በአንድ ወገን እንዲሰበሰብ ተዳፋት ይሰጠው፤ ከደረቀም በኋላ ሬንጅ ይቀባ። ሁለተኛውና የሚበልጠው ከግንባታ ውጭ ነው። ሣሩ ታጭዶ ጠውለግ ሳይል፣ በቆሎውም ለጋ ሳለ ወደ ጉድጓድ ከገባ ፈሳሹ ብዙ ነው። ደረቅ ይዘቱ ከ30 እስከ 35 በመቶ ሲደርስ የገባ መኖ ግን ፈሳሽ አያወጣም ማለት ይቻላል፤ ወለሉም ይድናል፣ የመኖውም ምግብነት ታጥቦ አይሄድም። የተሰበሰበው ፈሳሽ ወደ ጅረት ከገባ የውሃውን አየር አሟጦ ዓሣ ስለሚገድል በብዙ ውሃ ቀጥኖ በማሳ ላይ ይረጭ።

ማናቸውም አዲስ ቅይጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የልማት ሠራተኛው ከማኅበሩ ግንበኛ ጋር ሆኖ የእንጀራ ሊጥ ኩባያ በሚያህል ቅርጽ ስድስት ጠፍጣፋ ናሙናዎች ይሥራ። በእርጥብ ኬሻ ሥር ሰባት ቀን ይቆዩ። ከዚያ ሦስቱ ውሃ ውስጥ ይግቡ፣ ሦስቱ ጥላ ሥር ይቀመጡ። ውሃ ውስጥ የገቡት በሦስት ቀን ውስጥ ከለሰለሱ ወይም ጠርዛቸው ከፈረሰ ፑሚሱ አልሠራም፤ የጠነከረው ኖራው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለእርጥብ ቦታ አይሆንም። ካልፈረሱ በ28ኛው ቀን ሁሉም በሚስማር ይጫሩ፤ የውሃዎቹ ከጥላዎቹ እኩል ወይም የበለጠ መጠንከር አለባቸው። በእያንዳንዱ ናሙና ጀርባ ላይ ገና እርጥብ ሳለ ቀኑና የቅይጡ መጠን በስንጥር ይጻፍበት፤ ሕንጻው አንድ ክረምት እስኪያልፍበትም ድረስ በማኅበሩ ግምጃ ቤት ይቀመጡ።